ከታላቁ ፍንዳታ በፊት ምን ነበር? አንድ የሚመስለው ጥያቄ ሁለት ነው

ድሬዳዋ ከዚራ ካፌ ውስጥም ይሁን ሐረር ጀጎል በርጫ ላይ፣ ጨዋታው ወደ ሰማይና ወደ ዓለም አፈጣጠር ሲዞር ማረፊያው አንድ ነው፦ «እሺ፣ ሁሉም በታላቁ ፍንዳታ ጀመረ እንበል፤ ከዚያ በፊትስ?» በስልክ የሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች ደግሞ ክርክሩን አጋግለውታል። አንዱ «ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ታላቁን ፍንዳታ ውድቅ አደረገው» ሲል፣ ሌላው «ዓለም ከምንም እንደተገኘ በሳይንስ ተረጋገጠ» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ስህተታቸውም ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ «ታላቁ ፍንዳታ» ሲባል የሁሉ ነገር መነሻ ቅጽበት ማለት ይመስላቸዋል።

ቲዎሪው የሚናገረው ግን ስለ አንድ ዘመን ነው። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ዛሬ የምናየው ዩኒቨርስ በሙሉ እጅግ ጥቅጥቅ ያለና የጋለ ነበር፤ ከዚያ እየሰፋ፣ በሰፋ ቁጥርም እየቀዘቀዘ መጣ። ይኸው ነው። ሙቀቱ ከየት እንደመጣና ከእሱ በፊት ምን እንደነበረ አይናገርም። ስለዚህ «ከዚያ በፊትስ?» የሚል ሰው ሳያስበው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ከጋለው ዘመን አስቀድሞ ምን ነበር የሚለው ነው፤ ይህ ዛሬ በቺሊ በረሃና በደቡብ ዋልታ በመሣሪያ እየተመረመረ ያለ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ራሱ መነሻ አለው ወይ የሚለው ነው፤ ለዚህ ገና በመለኪያ የተፈተነ ቲዎሪ የለም። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

እርግጠኛ ከሆንበት እንጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሰዓቱን ከጋለው ዘመን መጀመሪያ ብንቆጥር፣ አንድ ሴኮንድ ሲሞላ ሙቀቱ 10 ቢሊዮን ዲግሪ ያህል ነበር። ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ፕሮቶንና ኒውትሮን ተጣምረው የመጀመሪያዎቹን የአቶም አስኳሎች ሠሩ። በዚያን ጊዜ ለ7 ፕሮቶን 1 ኒውትሮን ነበር። 16 ቅንጣት ወስዳችሁ አስሉት፦ 14 ፕሮቶን፣ 2 ኒውትሮን። ሁለቱ ኒውትሮኖች ሁለት ፕሮቶን ይዘው አንድ ሂሊየም ይሆናሉ፤ የቀሩት 12 ፕሮቶኖች የሃይድሮጂን አስኳል ሆነው ይቀራሉ። ከ16ቱ 4ቱ ሂሊየም ገቡ ማለት በክብደት 25 በመቶ ነው። ከዋክብት ብዙም ባልነካኩት ጥንታዊ ጋዝ ውስጥ ሲለካ የሚገኘውም ወደ 25 በመቶ የተጠጋ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ጀርባ የሚሠራው ሒሳብ ከ13 ቢሊዮን ዓመት በፊት ስለነበሩ ደቂቃዎች እንዲህ ልክ ሲሆን ማየት፣ ለእኛ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ዛሬም በላያችን ላይ እየወረደ ነው። ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ሲሞላው ሙቀቱ ወደ 3,000 ዲግሪ ወረደና ኤሌክትሮኖች ከአስኳሎች ጋር ተያያዙ፤ ብርሃን ሳይደናቀፍ መጓዝ የቻለው ያኔ ነው። ያ ብርሃን ከሕዋው ጋር አብሮ እየተለጠጠ ዛሬ ማይክሮዌቭ ሆኗል። ሙቀቱ 2.725 ኬልቪን (ከመጨረሻው ብርድ፣ ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ነው፤ በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 411 ያህል ፎቶኖቹ፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶቹ፣ ይገኛሉ። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምደል ላይ በነበረ አንቴና ያገኙት በ1964 ሲሆን ያሳተሙት በ1965 ነው። የሠሩት ሥራ የመቀነስ ሥራ ነው። አንቴናው ወደ አናት ሲዞር ጠቅላላው 6.7 ኬልቪን ነበር። ከዚያ ላይ የአየሩን 2.3፣ አንቴናው ራሱ የሚያመጣውንና ከመሬት የሚገባውን 0.9 ገደማ ሲቀንሱ ምንጩ የማይታወቅ 3.5 ኬልቪን ቀረ። የርግብ ኩስ ጠርገው ቢያዩም አልጠፋም።

ይህ ልኬት ለምን ከባድ እንደሆነ ድሬዳዋ ላይ በቀላሉ ማሳየት ይቻላል። ታይዋን ገበያ ከሚሸጠው የዲሽ ዕቃ አንድ ኤልኤንቢ (ከሰሃኑ ፊት ሆኖ ምልክት የሚቀበለው ራስ)፣ አንድ ባለመርፌ ሳት ፋይንደር (የምልክቱን ጉልበት የሚያሳይ መለኪያ)ና የሚሠራ ሪሲቨር በቂ ነው። ኤልኤንቢውን ከሰሃኑ ንቀሉት፤ ሰሃኑ ካለ የሳተላይት ምልክት እያጎላ ያስቸግራል። ፋይንደሩን በኤልኤንቢውና በሪሲቨሩ መካከል አስገቡ፤ ሪሲቨሩ ሲበራ 13 ወይም 18 ቮልት ይልክለታል። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ኤልኤንቢ እስኪሞቅ ድረስ ጉልበቱ ስለሚዋዥቅ ቶሎ የተነበበ ቁጥር አይታመንም። ከዚያ አፉን ከግድግዳ ጋር ግጥም አድርጋችሁ የፋይንደሩን ቁልፍ መርፌው 8 አካባቢ እስኪቆም አስተካክሉ። ቁልፉን ሳትነኩ ወዲያው ወደ አናት አዙሩት። መርፌው ይወርዳል። ግድግዳው 300 ኬልቪን ያህል ሆኖ ያበራል፤ ጥርት ያለ ሰማይ ግን በዚህ ሞገድ 10 ኬልቪን ገደማ ነው።

ስህተት የሚገባባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። እጃችሁ በኤልኤንቢው አፍ አጠገብ ካለ እሱም እንደ ግድግዳው ያበራል። ረጅም ሕንፃ ወይም ዛፍ አጠገብ ከሆነ ኤልኤንቢ ያለ ሰሃን ሰፊ ቦታ ስለሚያይ ያንንም ይቀበላል፤ ስለዚህ ገላጣ ጣሪያ ላይ ውጡ። የድሬዳዋ ቀትር ዕቃውን ስለሚያግለው ምሽት ይሻላል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። እሽጉ ላይ የጫጫታው መጠን «0.1 ዲቢ» ነው ተብሎ ቢጻፍም (ያ 7 ኬልቪን ማለት ነው) በተግባር ዕቃው ራሱ የሚያመጣው ጫጫታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው፤ የምንፈልገው 2.7 ኬልቪን በውስጡ ይሰጥማል። ፔንዚያስና ዊልሰን ይህን ያለፉት አንቴናቸውን 4 ኬልቪን አካባቢ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ከቀዘቀዘ ማነጻጸሪያ ጋር እያቀያየሩ በመለካት ነው። ተማሪ በጣሪያው ላይ ሰማዩ ቀዝቃዛ መሆኑን ያሳያል፤ 2.7ቱን ለይቶ ግን አያወጣም። ይህንን ሳይደብቁ መንገር ሙከራውን የበለጠ ያስተምረዋል።

አሁን ወደኋላ እንሂድ። ከድሬዳዋ አጠገብ፣ ከደቻቱ በላይ ባለው ገደል ላይ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ በ1929 ቆፍረው የሞከሩት፣ ከዚያም ሌሎች ተመራማሪዎች የመካከለኛውን የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎችና ቀይ የቀለም አፈር ያወጡበት ነው። ቆፋሪው ንብርብሩን እያነበበ ወርዶ አለቱ ላይ ሲደርስ አካፋው ይቆማል። ከአለቱ በታች ምንም ዘመን አልነበረም የሚል ግን የለም፤ ያ ዋሻ ውስጥ የሚነበብ ደለል አለቀ ማለት ብቻ ነው። የኮስሞሎጂ አለት ደግሞ ሲንጉላሪቲ ይባላል። ሮጀር ፔንሮዝና ስቲቨን ሆኪንግ በ1970 ባሳተሙት ቲዎረም፣ የአይንስታይን የስበት ሕግ እስከ መጨረሻው የሚሠራ ከሆነ፣ ስበትም ሁልጊዜ የሚስብ ከሆነ፣ የእኛ ዓይነት ዩኒቨርስ ታሪክ ወደኋላ ሲጓዝ የሆነ ቦታ መቆረጡ እንደማይቀር አሳዩ። «ከሆነ» የሚለው ሁለት ጊዜ መደገሙ በከንቱ አይደለም። የአይንስታይን ሕግ ኳንተም ሜካኒክስን፣ ማለትም የጥቃቅን ቅንጣቶችን ሕግ፣ አያውቅም። በፕላንክ ጊዜ፣ ማለትም ከነጥብ በኋላ 43 ዜሮ ተደርድሮ 5 የሚጻፍበት የሴኮንድ ክፍልፋይ ላይ፣ ያለ ኳንተም የስበት ቲዎሪ ምንም ማስላት አይቻልም። ስበት ሁልጊዜ ይስባል የሚለውም ሊፈርስ ይችላል፤ አንደኛው ጥያቄ የሚከፈተው በዚህ በር ነው።

ሁለት እንቆቅልሾች ነበሩ። የጥንቱ ብርሃን በሰማዩ ግራና ቀኝ ሙቀቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከ100,000 አንድ እጅ ብቻ። ነገር ግን በሰማይ ላይ ከ2 ዲግሪ በላይ የተራራቁ ቦታዎች እስከ 380,000 ዓመቱ ድረስ በብርሃን ፍጥነት እንኳ መገናኘት አይችሉም ነበር። ያልተገናኙ ነገሮች ሙቀታቸውን እንዴት አስማሙ? ሁለተኛው፣ ሕዋው በትልቁ ሲለካ ከ1 በመቶ ባነሰ ስህተት ጠፍጣፋ (ያልጎበጠ) ነው፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢዛነፍ ኖሮ መዛነፉ እየሰፋ ይሄድ ነበር። አለን ጉት በ1981 ያቀረበውና አንድሬ ሊንዴ፣ አንድሪያስ አልብሬክትና ፖል ስታይንሃርት በ1982 ያስተካከሉት ኢንፍሌሽን የሚባለው ሐሳብ ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠ። ከጋለው ዘመን በፊት ሕዋው በአንድ ሜዳዊ ኃይል ተሞልቶ ነበር፤ የዚህ ኃይል ስበት ገፊ ነው። ከሴኮንድ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ርቀቶች ሁሉ ቢያንስ ከ1 ቀጥሎ 26 ዜሮ በሚጻፍበት ቁጥር ተባዙ። ተቀራርቦ የተስማማው ተለያየ፣ ጎባጣው ተወጠረ። መጨረሻ ላይ ኃይሉ ፈርሶ ወደ ቅንጣትና ሙቀት ተለወጠ። ታላቁ ፍንዳታ የምንለው ያን ሙቀት ነው። በዚህ አካሄድ ከታላቁ ፍንዳታ በፊት የነበረው ብርድ ነው፤ ቅንጣት አልባ፣ በኃይል የተሞላ፣ እየተወጠረ ያለ ሕዋ።

ይህ ከዓመታት በኋላ የተለካ ትንበያ ስላለው ተረት ብቻ አይደለም። በኢንፍሌሽን ጊዜ የነበሩ ጥቃቅን የኳንተም መንቀጥቀጦች ተለጥጠው የጋላክሲዎች ዘር ይሆናሉ፤ የትልልቆቹ ሞገዶች ኃይል ከትንንሾቹ በጥቂቱ መብለጥ አለበት። ይህን የሚገልጸው ቁጥር ለሁሉም እኩል ቢሆን 1 ይሆናል፤ ኢንፍሌሽን ከ1 ትንሽ ያንሳል አለ። የጥንቱን ብርሃን የለካው የፕላንክ ሳተላይት 0.965 ሆኖ አገኘው፣ በ0.004 ስህተት። ከ1 ያለው ርቀት ከስህተቱ ስምንት እጥፍ በላይ ስለሆነ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። ያም ሆኖ ጉዳዩ አልተዘጋም። ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ስታይንሃርት ራሱ ዛሬ ዋነኛ ተቺው ነው፤ ኢንፍሌሽን ብዙ ዓይነት ስላለው የፈለጉትን ውጤት ሁሉ ሊያስማማ ይችላል ይላል። ይህ ትችት ክብደት አለው ብለን እናምናለን።

ፍርዱን ሊሰጥ የሚችለው የስበት ሞገድ ነው። ኢንፍሌሽን ሕዋውን ራሱን ማንቀጥቀጥ ነበረበት፤ ያ መንቀጥቀጥ በጥንቱ ብርሃን አወዛወዝ ላይ ጥምዝምዝ ያለ ምልክት ይተዋል። መጠኑን የሚገልጸው ቁጥር በእንግሊዝኛ ፊደል አጠራር «አር» ይባላል። በመጋቢት 2014 ደቡብ ዋልታ ላይ ያለው ባይሴፕ 2 የተባለ መሣሪያ ቡድን አር 0.2 ገደማ ሆኖ መገኘቱን አወጀ፤ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በ2015 መጀመሪያ ከፕላንክ ጋር በጋራ ሲፈተሽ አብዛኛው ምልክት በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ካለ አቧራ የመጣ ሆነ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የተለካው በዋናነት በ150 ጊጋኸርዝ ብቻ ነበር። አቧራ በከፍተኛ ሞገድ ሲደምቅ የጥንቱ ብርሃን ግን የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሁለቱን ለመለየት ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓይነት ሞገድ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ በ95፣ በ150ና በ220 ጊጋኸርዝ እየለካ በ2021 አር ከ0.036 እንደማይበልጥ አሳወቀ። የኢንፍሌሽን ቀላል ቀላል ዓይነቶች በዚህ ወድቀዋል።

መሣሪያዎቹ እዚያ ድረስ የሄዱት በአየር እርጥበት ምክንያት ነው። የውሃ ተን በእነዚህ ሞገዶች ያበራል። የቺሊው ሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪ 5,200 ሜትር ላይ ነው፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ናቸው። እንጦጦ ላይ ያሉን ሁለት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለከዋክብትና ለጋላክሲ ጥናት ናቸው፤ በሚታይ ብርሃን ስለሚሠሩ ለዚህ ጉዳይ አይሆኑም።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መሬቱ ይሳሳል። አርቪንድ ቦርዴ፣ ጉትና አሌክሳንደር ቪለንኪን በ2003 እንዳሳዩት፣ በአማካይ ሁልጊዜ እየሰፋ የመጣ ሕዋ ወደኋላ ማለቂያ የሌለው ታሪክ ሊኖረው አይችልም። ይህን ይዞ «የዓለም መጀመሪያ ተረጋገጠ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቲዎረሙ የሚለው ግን መስፋቱ ብቻውን ወደኋላ ለዘላለም አይዘልቅም ነው፤ በፊት መጨማደድ ከነበረ ወይም ጊዜ በኳንተም ሌላ መልክ ካለው አያግድም።

ቪለንኪን በ1982፣ ጄምስ ሃርትልና ሆኪንግ በ1983 ባቀረቧቸው ሐሳቦች ዩኒቨርስ በኳንተም ሕግ ያለ ቀዳሚ ሕዋና ጊዜ ሊገኝ ይችላል። እነሱ «ምንም» ሲሉ ሕዋና ጊዜ የለም ማለታቸው ነው፤ ሕጉ ግን አለ። ይህን ነጥብ ቪዲዮዎቹ ሁሌ ይዘሉታል። ሉፕ ኳንተም ስበት የሚባለውን፣ ስበትንና ኳንተምን ለማዋሐድ የሚሞክር ሐሳብ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2006 በሠሩት ስሌት፣ ጥግግቱ የፕላንክን ጥግግት 0.41 ያህል ሲደርስ ስበት ገፊ ሆኖ እየተጨማደደ የነበረው ሕዋ ነጥሮ ይመለሳል። ስታይንሃርትና ኒል ቱሮክ በ2002 መጨማደድና መስፋት የሚፈራረቁበትን ዑደት አቀረቡ። የዑደት ሐሳብ የቆየ ጠላት አለው፤ ሪቻርድ ቶልማን በ1930ዎቹ እንዳሳየው ኢንትሮፒ (የሥርዓት አልባነት መጠን) ከዑደት ዑደት ስለሚጠራቀም እያንዳንዱ ዙር ከቀዳሚው ይረዝማል፣ ወደኋላ ሲቆጠር ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ መነሻን ለማምለጥ የተፈጠረው ሐሳብ ዞሮ መነሻ ይጠይቃል። አዲሶቹ ዑደቶች ኢንትሮፒው እጅግ በሰፋ ሕዋ ውስጥ ሳስቶ እንዲቀር ያደርጋሉ። ፔንሮዝ ያቀረበው ዑደት ግን በጥንቱ ብርሃን ላይ ክብ ምልክቶችን ትቷል ቢባልም፣ ሌሎች ቡድኖች በዚያው ዳታ ሲፈትሹት ከአጋጣሚ የተለየ ነገር አላገኙም።

የስታይንሃርትና የቱሮክ ዓይነት ዑደቶች ዳርክ ኢነርጂ፣ ማለትም የሕዋውን መስፋት የሚያፋጥነው ኃይል፣ አንድ ቀን እንዲደክም ይፈልጋሉ። በአሪዞና ያለው ዴሲ የተባለው ጥናት በመጋቢት 2025 ያወጣው ውጤት የተወራውም ለዚህ ነው። ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችና ኳዛሮችን (እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶችን) ለክቶ፣ ከሌላ ዳታ ጋር ሲጣመር ዳርክ ኢነርጂ እየደከመ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ጥንካሬው እንደሚጣመረው ዳታ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ (ውጤቱ ከአጋጣሚ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር መለኪያ) ነው፤ ግኝት ለመባል 5 ያስፈልጋል። ቢረጋገጥ እንኳ ዑደትን አያረጋግጥም፣ በሩን ክፍት ይተዋል እንጂ። የጄምስ ዌብ ጉዳይ ከዚህም የራቀ ነው። ዩኒቨርስ 300 ሚሊዮን ዓመት ሳይሞላው የነበሩ ደማቅ ጋላክሲዎችን አሳይቷል፤ ይህ ጋላክሲ በምን ፍጥነት ያድጋል የሚለውን ስሌት ያናጋል። ሂሊየሙንም ሆነ 2.725 ኬልቪኑን አይነካም።

ሐረርን በመሰለች ከተማ ይህ ጥያቄ ከሃይማኖት ውጭ አይነሳም፤ መነሳትም የለበትም። የእስልምና ሊቁ አል ገዛሊ ከ900 ዓመት በፊት ጊዜ ራሱ ከዓለም ጋር የተፈጠረ ነው ብሎ ከፈላስፎች ጋር ተሟግቷል። የኦርቶዶክስ መምህራንም ዓለም «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ» (ካለመኖር ወደ መኖር) መጣ ይላሉ። የቪለንኪን «ምንም» ሕግ ያለበት ስለሆነ ከሁለቱም ጋር አንድ አይደለም፤ ፊዚክስን ለእምነት ምስክር ወይም ተቃዋሚ አድርጎ ማቆም ሁለቱንም ይጎዳል። የጥንቱን አቶም ሐሳብ በ1931 ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር ካህን ነበር። ፓፓ ፒዮስ 12ኛ በ1951 ቲዎሪውን ከፍጥረት ጋር ሲያያይዙት ደስ ያልተሰኘውም እሱ ነው።

የሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪ ግብ አርን በ0.003 ስህተት መለካት ነው። አር 0.01 አካባቢ ሆኖ ከተገኘ ኢንፍሌሽን የተካሄደበት ኃይል ጄኔቫ ካለው ትልቁ ማፋጠኛ ወደ አንድ ትሪሊዮን እጥፍ ይሆናል፤ የሚለካ የስበት ሞገድ አይኖርም ያሉት የስታይንሃርትና የቱሮክ ዑደቶችም ይወድቃሉ። ካልተገኘ ኢንፍሌሽን ይጠባል እንጂ አይሞትም፣ ዑደቶቹም በሕይወት ይቆያሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ የቀረው ጭላንጭል በሰማዩ ትልልቅ ሞገዶች ላይ ነው። እዚያ ኃይሉ ከሚጠበቀው ጥቂት ዝቅ ብሎ ይታያል፤ መንጠር ከነበረ አንዳንድ ስሌቶች የሚሉትም ይህንን ነው። ችግሩ ትልልቆቹ ሞገዶች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። የምናየው ሰማይ አንድ ብቻ ነው፣ ፕላንክም በሙቀት መጠን ሊለካ የሚችለውን ያህል ለክቶታል፤ ከእንግዲህ የበለጠ ቴሌስኮፕ ቢሠራ በዚያ በኩል ቁጥሩ አይጠራም። ሌላ ዓይነት ምልክት፣ በተለይ የስበት ሞገድ፣ ካልተገኘ መንጠሩን ከአጋጣሚ መለየት አይቻልም።